ሐሙስ የተባሉት ፋይሎች ሁሉ

አሮጌው ኮምፒውተሬ ሲሠራ እንደ ወፍጮ ይጮህ ነበር። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሱ ሱቄ የሚገቡ ሁሉ "ጀምሼድ፣ ዱቄቱ ደረሰ?" እያሉ ያሾፉብኛል። ይሳቁ! በዚያ ጩኸት ውስጥ ያለውን ቢያውቁ ጫማቸውን አውልቀው በገቡ ነበር። የሸህ ቄሰር ደሪህ፣ የተቀበሩበት ቅዱስ ቤት፣ ከሱቄ ጀርባ ነው። እዚያ ሐሙስ ሐሙስ አመሻሹ ላይ የሚዜመውን ቀዋሊ፣ የሱፊዎቹን የምስጋና ዜማ፣ መጀመሪያ አባቴ በካሴት፣ ከእሱ በኋላ እኔ በትንሽ መቅጃ ስንቀዳ ኖረናል። ካሴቶቹንም ወደ ኮምፒውተር የገለበጥኳቸው እኔው ነኝ።

ዘንድሮ ሙቀቱ ሲብስ ማሽኑ እየጠፋ አላስቀምጥ አለኝ። አዲስ ገዛሁና ዜማዎቹን ማዛወር ጀመርኩ። ሊያልቅ ሲል አዲሱ ፕሮግራም "ፋይሎችዎን ላደራጅልዎ?" ብሎ በትሕትና ጠየቀኝ። በትሕትና የጠየቀኝን እምቢ ማለት አልችልበትም፤ እሺ አልኩት።

እኔ ስም ስሰጥ ቀለል አድርጌ ነው። "ሐሙስ፣ መዝጊያ" ብዬ እጽፍና በየዓመቱ ፎልደር ውስጥ እከታለሁ። ቀኑ ሐሙስ ነው፣ ዜማው ማምሻውን የሚዘጋበት ዜማ ነው፤ ሌላ ምን ልበለው? ያ የተባረከ ፕሮግራም ታዲያ ፎልደሮቹን አፈራርሶ ሁሉንም አንድ ቦታ ከመራቸው። የተቀዱበትንም ቀን በዛሬው ቀን ቀየረው። አባቴ የቀዳውም እኔ የቀዳሁትም፣ ያ ሁሉ ዘመን፣ የዛሬ ሆኖ ቁጭ አለ። ወደ አሮጌው ማሽን ብዞር ጭጭ ብሏል። ነካካሁት፣ መታሁት፣ ለመንኩት፤ አልነቃም።

ራሴን ይዤ እንደተቀመጥኩ ሐሽመት ገባ። ሐሽመት የኡስታድ ሸራፈት ልጅ ነው። ኡስታድ የደሪሁ ቀዋሎች መሪ ነበሩ፤ ካረፉ ሁለት ወር ሊሆናቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ፊት ያለው ቦታቸው ባዶውን ይውላል፤ ልጃቸው ከኋላው ረድፍ ንቅንቅ አይልም። ቀዋሎቹ ያለ መሪ ሲንገዳገዱ የመዝጊያውን ዜማ ሳይጨርሱት የቀሩበት ሐሙስም ነበር። መዝጊያው ካልተዜመ ደግሞ የእኛ ሰው ተነስቶ መሄድ አያውቅበትም፤ እርስ በርሱ እየተያየ ይቀመጣል።

"ጀምሼድ ባይ፣ ወንድሜ፣ ከአባዬ መዝጊያዎች ከሁሉ የሚበልጠውን አንዱን በፍላሽ ስጠኝ" አለኝ።

"ምን ሊያደርግልህ?"

"ሐሙስ በስፒከር እናሰማዋለን። የደሪሁን ጠባቂ፣ ካዲሙን፣ አነጋግሬዋለሁ።"

"በስፒከር? ሸሁ ፊት? ሙዚቃ እያስጮህክ አይስክሬም ልትሸጥ ነው?"

አልሳቀም። "እዚያ ቦታ ብቀመጥ ድምፄ ይሰበራል። ሰው የአባዬን ለምዶ የእኔን ሲሰማ ያፍርብኛል። ሙልታን ከተማ የጭነት መኪና የሚሰጠኝ ሰው አግኝቻለሁ። ከዚህ ሐሙስ በኋላ እዚያ ነኝ።"

ደሜ ፈላ። አያቱም ቅድመ አያቱም የተቀመጡበትን ቦታ ለስፒከር ትቶ የመኪና መሪ ሊጨብጥ! ኮምፒውተሩን ወደ እሱ አዞርኩት። "አንዱን ስጠኝ ትላለህ፣ የቱን? ይኸው፣ ሁሉም ሐሙስ ነው።"

"ሁሉም አንድ ከሆነ አንዱን አስቀርተህ ሌላውን አትደመስሰውም?"

በጥፊ ባልለው ለአባቱ ስል ነው። "ተቀመጥ" አልኩት፤ "ፉፊን እናስጠራ።"

ፉፊ ዘይቱን የኡስታድ እህት ናቸው። ለሐሽመት የአባቱ እህት ስለሆኑ ፉፊ ይላቸዋል፤ ሰፈሩም ከሱ ተቀብሎ እንዲሁ ይላቸዋል። ከልጅነታቸው ጀምሮ ከሴቶቹ መጋረጃ ኋላ ተቀምጠው፣ ማን ትንፋሽ እንዳጠረው፣ ማን ጉንፋን እንደጀመረው ሳያዩ ያውቃሉ። ምላሳቸው ምላጭ ነው። መጡና የፓስፖርት ፎቶ በማነሳበት ወንበር ላይ ተደላድለው በወተት የፈላ ሻይ አዘዙ።

"አዲሱ ይሄ ነው? ምን ያህል ቀጭን ነው! ወንድሜ በዚህ ውስጥ ይበቃዋል?"

"ይበቃዋል ፉፊ። እርስዎ ብቻ የቱ እንደሚሻል ይንገሩን።"

ከክምሩ እንደመጣልኝ እያነሳሁ ማሰማት ጀመርኩ።

"ይሄኛው ቀን ጥርሱን አሞታል" አሉ። ቀጠልኩ። "ይሄን ተወው፤ ከእኔ ጋር ተጣልቶ የመጣ ዕለት ነው፤ አትሰማውም እንዴ ሲቸኩል?" አሁንም ቀጠልኩ። "ይሄ ደህና ነው። ግን ደህና ብቻ ነው።"

ከዚያ አንዱን ከፈትኩ። ፉፊ ሻዩን እፍ ሊሉ አፋቸውን እንዳሾሉ ቀሩ። ድምፁ ከዝቅታው ተነሳ፤ አልቸኮለም፣ አልጮኸም። ከፍታው ላይ ሲደርስ ጭብጨባው ሁሉ ከሥሩ ቀረ። በዚህ ሱቅ ውስጥ ስንት ዓመት ሙሉ ዜማ ስሰማ ኖሬአለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላስታውስም። ፉፊ እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ።

"ይሄ ነው" አሉ። "ሸራፈት ማለት ይሄ ነው። አላህ ይዘንለት፣ እንዲህ አድርጎ የሚያዜመው ከእንግዲህ አይገኝም። ይሄን ስጠው።"

ሐሽመት ፊቱን በእጁ ሸፍኗል። እኔም ዓይኔን እየጠራረግኩ ፍላሽ ፍለጋ መሳቢያዬን ማተራመስ ያዝኩ፤ ዜማውን አላቆምኩትም። አለቀ። ሰው ሲስል ተሰማ፣ ምንጣፍ ተንኮሻኮሸ፤ ከዚያ የካዲሙ ድምፅ መጣ።

"ወገኖች፣ ከመነሳታችሁ በፊት ዱዓ አድርጉ። ኡስታዳችን ሸራፈት ሆስፒታል ተኝተዋል፤ ዛሬ በመካከላችን የሉም። አላህ ያሽርልን።"

እጄ መሳቢያው ውስጥ ቀረ።

"ምን አለ?" አሉ ፉፊ።

መልሼ አሰማኋቸው። ካዲሙ ያንኑ ደገመ።

ሐሽመት እጁን ከፊቱ አወረደ። ከንፈሩ ነጭቷል። "እኔ ነኝ" አለ። "ያኔ አባዬ የተኙ ጊዜ። መብራት ጠፍቶ ነበር። ማንም አያየኝም ብዬ ከኋላ ሆኜ ጀመርኩት።"

ትዝ አለኝ። ያን ዕለት መቅጃውን ምሰሶው ላይ ሰቅዬ ሆስፒታል የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ፉፊም እዚያው ከወንድማቸው ራስጌ ነበሩ። ያን ሐሙስ ሁለታችንም አልሰማነውም።

ፉፊ ልጁን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ዛሬ ገና እንደተዋወቁት ዓይነት። ከዚያ ሻርፓቸውን ጠቅልለው ትከሻውን ሾጥ አደረጉት። "አንተ ጉደኛ! በሕይወት ላለኸው ሰውዬ እንደ ሙት አስለቀስከኝ!"

ምርጡን መፈለጋችንን ተውነው። አባትየው የት ላይ ያበቃል፣ ልጁስ የት ይጀምራል? እሱን ብቻ ነበር ማወቅ የፈለግነው። ተራው ስለጠፋ በፉፊ ጆሮ እየመራን አንዱን ከአንዱ አጋጠምነው። የኡስታድ ነው ብዬ በምምልበት ዜማ ውስጥ፣ እሳቸው አየር ሊስቡ ሲያቆሙ ከሥር ሆኖ የሚይዘው ሐሽመት ነበር። ወደ ቀደሙት ቅጂዎች ሄድን። ወጣቱ ሸራፈት ደግሞ ከአባቱ ከኢናየት ሥር ነው፤ ሽማግሌው ሲደክሙ ይቀበላል፣ ሲበረቱ ይመልሳል። አባቴ የቀዳው፣ ካሴቱ እንደ ዝናብ የሚንሿሿበት ላይ ስንደርስ ፉፊ እጃቸውን በአፋቸው ጫኑ።

"አያቴ ነው" አሉ በሹክሹክታ። "አያቴ በስተርጅናው። ከኢናየት በላይ ያለው እሱ ነው፤ ትሰማዋለህ?"

ሰማሁት። የት ላይ እንደተቀባበሉ ስንፈልግ ዋልን፤ አላገኘነውም። የሚሰማኝ አንድ ሰው ሲያዜም ነው። አልፎ አልፎ ጥርሱን የሚያመው፣ ከእህቱ የሚጣላ፣ የማይሞት አንድ ሰው። ሱቄ ውስጥ፣ በቀለምና በወረቀት መሃል፣ እንዲህ ያለ ነገር ተቀምጦ እኔ ሐሙስ ብዬ ሰይሜው ነበር። ፈራሁም፣ ደስም አለኝ።

ሐሽመት ተነስቶ ወጣ። ፍላሹን አልወሰደም።

ሐሙስ ደረሰ። ካዲሙ ስፒከሩን ምሰሶው ሥር አቁሞ ዓይኑን ከሐሽመት ላይ አልነቀለም። ሐሽመት ከኋላው ረድፍ አንገቱን ደፍቷል። የመዝጊያው ሰዓት ሲሆን ጭብጨባው ቀዘቀዘ፤ ሰው ሁሉ ወደ ባዶው ቦታ አየ። ሐሽመት ተነሳ። ሰው እየረገጠ፣ ይቅርታ እየጠየቀ ወደ ፊት ሄደና አባቱ ቦታ ላይ ተቀመጠ።

ጀመረ። የመጀመሪያውን ስንኝ ሳያጋምስ ድምፁ ተሰበረ፤ ልክ እንደፈራው፣ ሰው ሁሉ ፊት። የአንገቱ ሥር ተገትሮ አፉ ተከፍቶ ቀረ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ዜማው ግን አላቆመም። የኋላው ረድፍ ከወደቀበት አንስቶታል። ከመጋረጃው ኋላም፣ የሴት ድምፅ በማይሰማበት በዚያ ቦታ፣ ፉፊ ዘይቱን ገብተውበታል። ማንም ዞሮ አላያቸውም። ተሸክመው ወሰዱት፤ ሐሽመት አየር ስቦ ከመሃላቸው እስኪነሳ ድረስ። ዓይኔን ስከፍት ከፍታው ላይ ነበሩ። መቅጃውን ይዤ እፊታቸው ቆሜ፣ አፋቸውን እያየሁ፣ የማን ድምፅ እንደሆነ መለየት አቃተኝ።