አፍንጫው

ጋራዡ ውስጥ «አፍንጫው» ነው የሚሉት። መኪና ቀለም ሲረጭ ማስክ አያደርግም፤ ቀለሙና ቲነሩ መመጣጠናቸውን የሚያውቀው አሽትቶ ነዋ። ማስክ አድርጎ መርጨት ለሱ ዓይንን ጨፍኖ መርፌ ላይ ክር እንደ ማስገባት ነው። ሌሎቹ ረጪዎችም ቢሆኑ ከሱ አይሻሉም። ከሥራ በኋላ አንድ ብርጭቆ ወተት ይጠጡና «መርዙ ታጠበ» ይላሉ። ወተት በየት በኩል ሳንባ ውስጥ እንደሚገባ የጠየቀ የለም።

ልጅ ፍለጋ ከሐኪም ሐኪም ስትንከራተት የኖረችው ሚስቱ ናት። እሱ ሲመረመር ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ዘርህ በጣም ደክሟል» አለው ሐኪሙ። «ሌላ ምክንያት አላገኘሁም። በየቀኑ የምትስበው የቀለም ትነት ይመስለኛል። ከሽታው ብትርቅ ሊሻልህ ይችላል፤ ቃል ግን አልገባልህም።»

መንገዱን ሁሉ ብቻውን እያወራ ሄደ። አፍሯል፤ ካፈረው በላይ ግን ቸኩሏል። እናቱ «ወይ ይቺን መካን ፍታት፣ ወይ እኔን እርሳኝ» ልትለው ቤቱ መጥታ ተቀምጣለች፤ ሚስቱም ይህን ሰምታ ጓዳ ውስጥ ልብሷን ማጣጠፍ ጀምራለች።

ገና ከበሩ ሳያልፍ ተናገረ። «እማዬ፣ ችግሩ ከኔ ነው። ተመርምሬ መምጣቴ ነው።»

እናቱ ከንፈሯን መጠጠች። «እንደ በሬ የጠነከርክ ሰውዬ፣ ለሷ ብለህ በራስህ ታሟርታለህ? ወረቀት እንደሆነ ያሉትን ይሸከማል።»

እናትስ ትበል፤ በልጇ ላይ የምትፈርድ እናት የት ትገኛለች? ተስፋው ሚስቱ ነበረች። ጓዳ ገብቶ ወረቀቱን ዘረጋላት። ሳታየው አጣጥፋ ኪሱ ውስጥ ከተተችለት።

«ምግብ ሲያርርብኝ እንኳ ምንም አይሸትም የምትለኝ ሰው ነህ» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እንዳይከፋኝ ብለህ ያልዋሸኸው ውሸት የለም።»

«እሱ ውሸት አልነበረም። እውነቴን ነው፣ አይሸተኝም። ከቲነር በቀር ሽታ ከጠፋኝ ቆየ።»

ፈገግ አለች። ይሄንንም አላመነችውም። ሰው አንዴ ደግ ነው ከተባለ እውነት መናገር ይቸግረዋል።

ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ እስከ አውቶቡሱ ተከተላት። ሐኪሙ ያለውን ደጋገመላት፤ ጋራዡን እንደሚተው፣ ከዚያ አብረው እንደሚሞክሩ ነገራት።

«ጭራሽ እንጀራህንም ለኔ ብለህ ልትተው?» አለችው። «ይሄን ዕዳ አልችለውም። ሌላ አግባና ውለድ። ልጅህን ሳይ ከልቤ ነው ደስ የሚለኝ።»

ግንባሩን ሳመችውና ተሳፈረች። እሱ የተጨናነቀው ፌርማታ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ያን ያህል ብቸኝነት ተሰምቶት አያውቅም። ቤት እናቱ እየጠበቀችው ነው፤ ልጅ ትወልድለታለች ያለቻትን ሴት አስቀድማ አጭታለታለች።