የአባባ ትንፋሽና የሰፈሩ ባትሪዎች

አባቷ የመብራት መስመር ሲዘረጋ ያረጀ ሴት ካለች ጭንቄን ታውቀዋለች። እኛ ቤት ያለ አባባ ፈቃድ አምፖል አይቀየርም። ሰፈርተኛው «አባባ ፊውዝ» ነው የሚለው። መብራት በጠፋ ቁጥር በረንዳ ላይ ቆሞ «ዋናውን አጥፉ! ሲመለስ እቃችሁን እንዳያቃጥለው!» እያለ መንገዱን ሙሉ አስተምሮታል። አሁን ሳንባው ደክሞ ያለ ኦክስጅን ማሽን አይሆንለትም፤ ትምህርቱ ግን አልተረሳም።

በቅርቡ በየቤቱ የፀሐይ ባትሪ ተገጠመ። የገጠመችልን ባለሙያ «መብራት ሲጠፋ ባትሪዎቹ በራሳቸው ይረዳዳሉ፤ ያለው ለሌለው ይልካል» ስትል አባባ ከት ብሎ ሳቀ።

«ሰው ያቃተውን ባትሪ ሊችለው!»

ትናንት ረፋድ ላይ መብራት ሄደ። ደመናው ስለሰነበተ የኛ ባትሪ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። መጠባበቂያውን የኦክስጅን ሲሊንደር ደግሞ ወንድሜ ሊያስሞላ ይዞት ወጥቷል። ማሽኑ መጮህ ጀመረ፤ የአባባ ከንፈር ጠቆረ። ስልኬ ላይ ባትሪዎቹ የሚታዩበትን የሰፈሩን ካርታ ብከፍት አንድም ቤት ከኛ ጋር አልተገናኘም። ምን ነካቸው ብዬ ስንጨረጨር ገባኝ፤ ሁሉም እንደተማረው ዋናውን አጥፍቶ፣ ቤቱን ከመስመሩ ለይቶ ቁጭ ብሏል። ጉድ በሉ! አባቴን የገዛ ትምህርቱ ሊገድልብኝ ነው።

በነጠላ ጫማ መንገድ ላይ ወጥቼ ጮህኩ። «ዋናውን አብሩ! አባባ ትንፋሽ አጠረው!»

«ኧረ እቃችን ይቃጠላል! አባትሽ ራሳቸው አጥፉ ይሉን የለ?» አለች ልብስ ሰፊዋ በመስኮት።

«እሱ ነው የሚሞተው! አብሪው አልኩሽ!»

ክው አለች። ሮጣ ገባች። ዳቦ ጋጋሪው ተቀበለኝና ጩኸቱ ካጥር አጥር ሄደ።

ስመለስ የማሽኑ ጩኸት ቆሟል፤ ደህና አድርጎ ይሠራል። ስልኬ ላይ ቤቶቹ አንድ ባንድ አረንጓዴ እየሆኑ ከየቤቱ ቀጭን መስመር ወደኛ ይመጣል። ሰውነቴን ነዘረኝ። ማንም ሽቦ አልቀጠለ፣ ማንም «ይህን ያህል ስጡ» አላለ፤ እንዴት አወቁት?

አባባ ከንፈሩ መለስ ሲል ስልኩን ከእጄ ወሰደው።

«ይቺ መስመር ከማን ቤት ናት?»

«ከልብስ ሰፊዋ።»

«ይቺስ? በአጥር የተጣላኝ ሰውዬ አይደለም?»

«እሱው ነው።»

«ዕድሜዬን ሙሉ መብራት ከላይ ሲወርድ ነው የማውቀው» አለ፤ «ከጎን ይመጣልኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።»

ጣቱን በየመስመሩ ላይ እያስኬደ ጎረቤቱን ሁሉ በየተራ በስም ጠራ። ሲጨርስ አለቀሰ።