ከልጅቷ ጀርባ ያለው ኮረብታ

ሥራዬ ቦታ መፈለግ ነው። ጎርፍ የመታው መንደር ውስጥ ያለ ሰው እርዳታ ፈልጎ ፎቶ አንስቶ ይልክልናል፤ የት እንዳለ ግን አይጽፍም። እኔ ፎቶውን ከሳተላይት ምስል ጋር እያስተያየሁ፣ የወንዙን መታጠፊያ፣ የጣሪያውን ቀለም፣ የእርሻውን ድንበር እየለቀምኩ ቦታውን አገኛለሁ። ቢሮ ውስጥ «አሞራዋ» ይሉኛል።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ወንድሜ መጣ። ሚስቱ ልጃቸውን ይዛ ከጠፋች ስምንት ወር ሆኗታል። ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ሲያዩት አንጀት ይበላል። ስልኩን አውጥቶ አንድ ፎቶ አሳየኝ። የሰባት ዓመቷ ልጁ የድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጣ ትስቃለች።

«ከየት አመጣኸው?»

«ሚስቴ ለእናቷ ልካላቸው ነው። ሳያዩኝ ከስልካቸው ወሰድኩት። ለጎረቤት ‹የአንድ ቀን መንገድ ነው› ሲሉም ሰምቻለሁ።»

«ብታገኛትስ?»

«እህትዓለም፣ ልጄን ከሩቅ አይቻት ልመለስ። ሌላ ምን አለኝ?»

ሚስቱን አንድ ጊዜ ክንዷ በጄሶ ታስሮ አግኝቻታለሁ። «ደረጃ አዳልጦኝ ነው» አለችኝ። ቤታቸው ደረጃ የለውም። «እግዜር ይማርሽ» ብያት አለፍኩ።

ሦስት ቀን ፈለግኩ። ከልጅቷ ጀርባ አንድ ጎኑ ለድንጋይ ተቆፍሮ የተገመሰ ኮረብታ አለ። ከሥሩ ሁለት የቆርቆሮ ቤቶች፣ አንደኛው ላይ ሰማያዊ ሸራ። የአንድ ቀን መንገድ የሚርቁትን ወረዳዎች ኮረብታ በኮረብታ አሰስኳቸው። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማያዊዋ ነጥብ ስክሪኑ ላይ ብቅ ስትል «አገኘሁሽ!» ብዬ ጮህኩ። አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ አጨበጨበልኝ። ቦታውን እስከ አጥሩ ድረስ ምልክት አድርጌ ለወንድሜ ላክሁለት።

በአምስተኛው ቀን ልጅቷን ይዞ ቤቴ መጣ። ሻንጣ የላትም፤ ጫማዋም አንድ እግር ብቻ ነው።

«እናቷስ?»

«እዚያው ናት» አለና እጁን ሊታጠብ ገባ።

በማግስቱ ፖሊሶች መጥተው ወሰዱት። እናቷን ጎረቤቶቿ ከአጥሩ ሥር ሞታ አግኝተዋታል። መርማሪው ቃሌን ተቀብሎ አስፈረመኝና «አንቺ ምን ታደርጊ፣ ወንድምሽ ነው» አለኝ። አያቷ እስኪመጡ ልጅቷ እኔ ዘንድ ትቆይ ተባለ።

ሁለት ቀን ቃል አልወጣትም። በሦስተኛው ቀን ፀጉሯን እያበጠርኩላት ሳለ፣

«አክስቴ፣ ማን ነገረው?» አለችኝ።

እጄ ቆመ።

«እማዬ በሩ ላይ ስታየው ወደ እኔ ዞረች። ‹አንቺ ነሽ የነገርሽው?› አለችኝ። እኔ አልነገርኩም። አልነገርኩም ልላት ስል ያዛት።»

ፀጉሯን ለሁለት ከፈልኩት።

«ሳታምነኝ ሞተች። አንቺ ታምኚኛለሽ?»

«አምንሻለሁ» አልኳት። ከዚያ በላይ ቃል አልጨመርኩም፤ ፀጉሯን ሠርቼ ጨረስኩላት። ቅዳሜ አያቷ መጥተው ወሰዷት። ስትወጣ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ።