ገጽ ሰባት ላይ ያለችው ሴት

አጎቴ ለጠየቀው ሁሉ የሚያወራው እንዲህ ነው፤ የፍራሽ ፋብሪካው ሥራ እጃችን ገብቶ ነበር፣ የቀረው ፊርማ ብቻ ነበር፣ እናትና ልጅ ተባብረው ገደል ከተቱት። እናቴን ብትጠይቋት ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። እጃችን የገባ ነገር አልነበረም፤ የፋብሪካው ባለቤት፣ ባለፍራሿ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስታዛጋ ነበር፤ እንቅልፏ የለቀቃት እሷ፣ ማለትም እናቴ፣ ስፒሎቹን ከአፏ አውጥታ መናገር ስትጀምር ነው።

እኔ ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። በቦታው ነበርኩ፤ ፕሮፖዛሉም የወጣው ከእኔ እጅ ነው። ስለዚህ ያየሁትን ልናገር።

አጎቴ ትንሽ የማስታወቂያ ድርጅት አለው፤ ሁለት ክፍል፣ አራት ጠረጴዛ፣ አንድ ፕሮጀክተር። ማርኬቲንግ ተምሬ ስመረቅ «ውጭ ምን ያንከራትትሃል?» ብሎ አስገባኝና አዳዲስ ደንበኛ የሚያመጣ ፕሮፖዛል እንድጽፍ መደበኝ። መጻፍ ግን አልነበረም። ከብዙ ዓመት በፊት ለአንድ የሴራሚክ ነጋዴ የተዘጋጀ አርባ ሁለት ገጽ አለ። ያኔ ሥራውን ስላስገኘ አጎቴ እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀዋል። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ስሙን እንቀይራለን፣ ሴራሚክ የሚለውን አውጥተን የሰውየውን ዕቃ እናስገባለን፣ ሽፋኑን በሰውየው ቀለም እናቀልማለን፣ አለቀ።

«ያሸነፈ ነገር አይነካም» ይላል አጎቴ።

እኔ ከገባሁ ወዲህ ስድስት ጊዜ ተሸንፏል። ይህን ሳነሳበት «እነሱ ስላልገባቸው ነው» ይለኛል።

የፕሮፖዛሉ እምብርት ገጽ ሰባት ነው። ከላይ «ዋነኛዋ ደንበኛችሁ» የሚል ርዕስ አለው፤ ከሥሩ የአንዲት ሴት ፎቶ። ሴትዮዋ እናቴ ናት። አጎቴ ለሞዴል መክፈል አልሆንልህ ሲለው፣ ታላቅ እህቱን አንድ ቀን መስኮት አጠገብ አቁሞ አነሳት። ካሜራውን ገልብጦ ስለያዘው ሳቀችበት፤ ሳቋ እንዳለ ቀረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ ሴራሚክ ገዝታለች፣ ኢንሹራንስ ገብታለች፣ የከባድ መኪና ጎማ አማርጣለች። በሕይወቷ መሪ ጨብጣ አታውቅም።

ስድስተኛው ሲከሽፍ አጎቴ በሩን ዘግቶ አነጋገረኝ።

«የእህቴ ልጅ ነህ፣ እወድሃለሁ። ግን የፍራሹ ካመለጠን ጠረጴዛህን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ። እንዳትቀየመኝ።»

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ዓይኗ ደክሞ ሥራ ከቀነሰች ወዲህ ቤታችን የቆመው በእኔ ደመወዝ ነው። ስለዚህ መቀየም አልቻልኩም፤ ለመንኩት።

«ጋሼ፣ አንድ ሳምንት ብቻ ስጠኝ። ፍራሽ የሚሸጥበት ሱቅ ቆሜ ሰው ልጠይቅ።»

«ሰው ምን ያውቃል?» አለኝ። «አርባ ሁለት ገጽ ሙሉ ዕውቀት እያለልህ!»

ባለፍራሿ «ሰው የሚሠራበትን ቤት ሳላይ ሥራ አልሰጥም» ብላ ወደ እኛ ልትመጣ ቀጠሮ ያዘች። አጎቴ ተሸበረ። የስብሰባ ክፍላችን መስኮት የጠዋት ፀሐይ ስለሚገባበት ፕሮጀክተሩ ግድግዳው ላይ አይታይም። መጋረጃ እንድትሰፋለት እናቴን ጠራት። በቀጠሮው ሰዓት መጋረጃው ተሰቅሎ ነበር፤ ጠርዙ ግን ገና መሬት ይጠርጋል።

«እትዬ፣ እንግዳዋ ሳትገባ ጨርሰሽ ውጪልኝ!»

አልደረሰላትም። ባለፍራሿ ስትገባ እናቴ መስኮቱ ሥር ተንበርክካ ጠርዙን እያጠፈች ነበር፤ ከንፈሯ ላይ ስፒል ተደርድሯል። በጭንቅላቷ ሰላም አለች። ባለፍራሿም ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠችና «ቀጥሉ» አለች።

አጎቴ ቀጠለ። ስለ ድርጅቱ ራእይ አንድ ስላይድ፣ ስለ ተልእኮው አንድ ስላይድ፣ ራእዩና ተልእኮው እንዴት እንደሚደጋገፉ ሁለት ስላይድ። ባለፍራሿ በእጇ አፏን ሸፈነች፤ ቆይታ መሸፈኑንም ተወችው። ከዚያ ገጽ ሰባት መጣ። እናቴ በር አክላ ግድግዳው ላይ ሳቀች።

«ዋነኛዋ ደንበኛችሁ ይህች ናት» አለ አጎቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ እያነበበ። «ዕድሜዋ ሠላሳ አራት ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ስፖርት ትሠራለች። ፍራሽ የምትመርጠው ማንነቷን እንዲገልጽላት ነው። ከሁሉም በላይ የምትፈልገው ግን...»

ቀጣዩን መስመር ከእሱ ቀድሜ አየሁት። ስሙን ቀይሬያለሁ፣ ዕቃውን ቀይሬያለሁ፤ የቀረውን ግን ሳላነበው አልፌዋለሁ።

«...ውሃ ሲፈስበት የማያንሸራትት ፍራሽ ነው።»



«ማለትም» አለ አጎቴ ላቡን እየጠረገ፣ «ለደኅንነቷ ትልቅ ቦታ ትሰጣለች።»

ባለፍራሿ ግድግዳውን አየች፣ መጋረጃውን አየች፣ እንደገና ግድግዳውን አየች።

«ሴትዮዋ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

እናቴ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ እያወጣች ቀሚሷ ላይ ሰካች። አልቸኮለችም።

«እኔ ነኝ እህቴ። ሠላሳ አራት ያለው ግን እሱ ነው። ይሄ ልጄ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በስምንት ዓመቴ ነው የወለድኩት?»

«እትዬ!» አለ አጎቴ ጥርሱን ነክሶ።

«ምን እትዬ ትለኛለህ? ደግሞ ስፖርት! ደረጃችሁን ስወጣ ሁለቴ ነው ያረፍኩት።»

ባለፍራሿ ሳቀች። ከዚያ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«የእኛን ፍራሽስ ያውቁታል?»

«ሦስት ዓመት ተኝቼበታለሁ። መሃሉ ሰርጉዷል። ጠዋት ጠዋት ይሄ ልጅ እጄን ይዞ ካልጎተተኝ አልነሳም። ጨርቁ ደህና ነው፤ ዚፑ ግን የተሰፋው በአጭሩ ጎን ነው፤ ልብሱን ለማጠብ ሁለት ሰው መታገል አለበት። ተርትሬ ወደ ረጅሙ ጎን አዞርኩት። ያኔ ውስጡንም አየሁት። ስፖንጁ አንድ ወጥ አይደለም፤ ቁርጥራጭ ነው፣ በሙጫ የተያያዘ።»

ባለፍራሿ ብዕር አወጣች። እኔ መሬት መሬት አየሁ። እናቴን በየጠዋቱ ከዚያ ጉድጓድ ጎትቼ አወጣለሁ፤ ከዚያ ቢሮ ገብቼ ፍራሽና ማንነት እያልኩ እጽፋለሁ። ሱቅ ልሂድ ብዬ አጎቴን ስለምነው እንኳ እናቴን መጠየቅ ትዝ አላለኝም።

«ይቅርታ ያድርጉልን» አለ አጎቴ። «ገጹን ያዘጋጀው ይሄ ልጅ ነው። ልምድ የለውም። ከዛሬ በኋላ ደግሞ...»

«ቆይ» አለችው ባለፍራሿ። «ሌሎች ሁለት ድርጅቶችም እንዲህ ያለ ገጽ አሳይተውኛል። የእነሱ ሴቶች ጥርሳቸው ያበራል፤ እንዲህ ያለ የሚታመን ፊት ግን አላየሁም። ሥራውን ለእናንተ እሰጣለሁ።»

አጎቴ ከወንበሩ ተነሳ። ሊያቅፋት መስሎኝ ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ» አለች። «ማስታወቂያው ላይ የሚናገሩት እሳቸው ይሁኑ። ልክ እንደዚህ ተንበርክከው፣ ስፒል በእጃቸው ይዘው። ‹ሦስት ዓመት ተኝቼበታለሁ፤ ዛሬም እንደ አዲስ ነው› ይበሉ። እሳቸውን የማያምን ሰው የለም።»

«የሰረጎደውስ?» አለች እናቴ።

«ጽፌዋለሁ።» ማስታወሻዋን ከደነች። «እሱ ለእኛ ለፋብሪካዎቹ ነው፤ ለሕዝብ አይሆንም። ቀስ ብለን እናየዋለን።»

«እንዴት ያለ ሐሳብ ነው!» አለ አጎቴ። «ልጁ ዛሬውኑ ይጽፈዋል። ቀኝ እጄ ነው እኮ!»

ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ልምድ ከሌለው ልጅ ተነስቼ ቀኝ እጅ ሆንኩ። ጠረጴዛዬም ተመለሰልኝ፤ አጎቴ ትከሻዬን መታ መታ ሲያደርገኝ ገባኝ። የሚጠበቅብኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱንም ባለፍራሿ ራሷ ጽፋ ጨርሳዋለች።

እናቴ ከተንበረከከችበት አልተነሳችም። ከበላይዋ ግድግዳው ላይ ያችኛዋ የሠላሳ አራት ዓመቷ ትስቃለች።

«እኔ የተጻፈልኝን ነው የምለው» አለችኝ። «የምትጽፈው አንተ ነህ። ምን ልትጽፍልኝ ነው?»

አጎቴ ትከሻዬን ጠበቅ አደረገው። እጁን ቀስ ብዬ አወረድኩና ወደ ባለፍራሿ ዞርኩ።

«እናቴ ያለችውን ነው የምጽፈው» አልኩ። «መሃሉ ይሰረጉድ ነበር፣ ዚፑ በአጭሩ ጎን ነበር፣ ስፖንጁም ቁርጥራጭ ነበር ብላ ትናገራለች። ከዚያ ‹አሁን አስተካክለውታል› የምትል አንድ መስመር እጨምራለሁ፤ መስመሯን የምጨምረው ግን ፍራሹ ተስተካክሎ እናቴ ከተኛችበት በኋላ ነው። ይሄ ካልተፈለገ፣ ጋሼ፣ ጠረጴዛውን አሁኑኑ ለቅቄልሃለሁ።»