በእርሳስ የቀላ ፊት

ፎቶ አንሺው ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሩት። ትልቋ እናቷን መስላ ቀይ ስለወጣች «ቀዮ» አሏት። ትንሿ ደግሞ ቁርጥ የአባቷን እናት ሆነችና «ጥቁሬ» ተባለች። በዚያ ከተማ የመጣው ከነበረው ጋር ተጋብቶ ተዋልዷል፤ እስከ ቅድመ አያቱ ቢቆጥር ሁለት ሦስት ወገን የማይጠራ ሰው የለም። የሰው አፍ ግን መቼ ያርፋል! አያትየዋን በዓይኑ ያላየ ሁሉ ጥቁሬን ባየ ቁጥር «ይቺስ የማን ናት?» ይላል። ጎረቤት ለሳቅ የጀመረው ነገር እያደር የልጅቱ ሆድ ውስጥ ገባ።

አባት ይህን ሰምቶ ዝም አላለም፤ ምነው ዝም ባለ! ያኔ የፎቶ ውበት የሚሠራው በእርሳስ ነው። ፎቶው የሚታተምበት ፊልም፣ ኔጋቲቩ ላይ የጠቆረው ሲታተም ይነጣል። እናም ቀላ ብሎ መታየት የፈለገ ደንበኛ ሲመጣ፣ ፎቶ አንሺው ኔጋቲቩን መብራት ላይ ዘርግቶ በሾለ እርሳስ ፊቱን ቀስ እያለ ያጠቁርለታል። የጥቁሬንም ኔጋቲቭ ማንም ሳይለምነው አጠቆረ። ግድግዳው ላይ ከእህቷ እኩል የቀላች ልጅ ተሰቀለች።

«እስቲ አሁን ማን ምን ይላል!» አለ፣ ደስ ብሎት።

ልጅቱ ፎቶውን አየት አደረገች። አባቷ የሚወደው ያቺኛዋን እንደሆነ ነው የገባት።

ዓመታት አለፉ። እናት ሞተች፤ ቀዮ አግብታ ሌላ ከተማ ገባች። የአባት ነገር በልብስ ሰፊዋ በጥቁሬ ላይ ወደቀ። የስፌት መኪናዋን አልጋው አጠገብ አስጠግታ፣ እየሰፋች ትጠብቀዋለች፣ ታጎርሰዋለች፣ ታጥበዋለች። እሱ ግን የመርሳት በሽታ ይዞት «አንቺ ሠራተኛ» ነው የሚላት። ጠዋት ጠዋት ደግሞ «ልጄ መቼ ነው የምትመጣው?» ብሎ ይጠይቃታል።

አንድ ቀን ቀዮ ደወለች። ሁለቱም ለዘር ምርመራ ምራቃቸውን ሰጥተው ነበር። ሐሳቡ የጥቁሬ ነው፤ ያ የጎረቤት ሳቅ አሁንም ከሆዷ አልወጣም።

«ስሚ አንቺ፣ የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ነን! ደግሞ ጉድሽን ልንገርሽ፣ የአባዬ እናት ወገን የሚበዛው በእኔ ነው አሉ። ጥቁሯ እኔ ሆኜ አረፍኩት!» ቀዮ በሳቅ ፍርስ አለች።

ጥቁሬ ስልኩን ዘግታ አለቀሰች። ምርመራ የረሳን ሰው ማስታወስ እንደማያስችል አጥታው አይደለም። ቢሆንም አንዴ፣ አንዴ ብቻ «ልጄ» ቢላት ዕድሜዋን ሙሉ ይበቃት ነበር። ሄዳ እግሩ ሥር ቁጭ አለች።

«አባዬ፣ ልጅህ ነኝ እኮ። ተመርምረን ተረጋገጠ።»

ሽማግሌው ትኩር ብሎ አያትና ወደ ግድግዳው ጠቆመ። «የእኔ ልጅ ያቻትና። ቀይ ናት።»

«እሷ እኮ እኔ ነኝ! አንተ ነህ በእርሳስ ያቀላኸኝ፣ አባዬ!»

«እኔ? የልጄን ፊት?» ሽማግሌው ከልቡ ተቆጣ። «ልጄ ምን ጎድሏት ነው እርሳስ የማስነካት?»

ይህን ቃል ያኔ፣ ሕፃን ሳለች ብሏት ቢሆን! ጥቁሬ ጉልበቱ ላይ ተደፍታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እሱም ሆዱ ባባ፤ ንዴቱን ረስቶ ፀጉሯን ይደባብሳት ጀመር።

«አይዞሽ፣ አታልቅሺ» አላት። «ልጄ ትምጣ ብቻ፣ አስተዋውቅሻለሁ። ትወጃታለሽ።»