ያልነበረው ውሻ

ባለቤቴ ፍርድ ቤት የከሰሰችኝ ተማክረን ነው። መጥሪያውን ያመጣው ሰውዬ በር ላይ ቆሞ በሐዘኔታ ሲያየኝ፣ ከሳሼ ከውስጥ «ሻይ ሳይጠጡማ አይሄዱም!» እያለች ትጣራ ነበር።

እኔ የመኪና መንዳት አሠልጣኝ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ጎን ተቀምጬ «ዓይንህ መንገዱ ላይ!» ስል ኖሬያለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን መኪናዬን አንዲት ጭረት ነክታት አታውቅም፤ ይህን ያልነገርኩት ሰው ካለ ገና ያልተወለደ ነው። ታዲያ ከሰባት ወር በፊት፣ አንድ እሁድ ጠዋት፣ ባዶ መንገድ ላይ፣ ባለቤቴን ጎኔ አስቀምጬ ሄጄ ከመብራት ምሰሶ ጋር ተላተምኩ። እኔ ግንባሬ እንኳ አላበጠም። የእሷ ቀኝ እጅ ግን አንጓው ላይ ተሰበረ።

ልብስ ሰፊ ናት። አጥንቱ ቢገጥምላትም አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ መርፌ አንይዝም ብለው እምቢ አሉ። ሐኪሙ ጅማቱ ዓመት ሳይሞላው በቀዶ ሕክምና ካልተስተካከለ እጇ እንደዚሁ እንደሚቀር ነገረን። አቅማችን ደግሞ ከሐኪሙ በር አያልፍም።

የዚያን ቀን ሰፈርተኛው ተሰብስቦ «ምን ሆነህ ነው?» ሲለኝ አፌ ቀደመኝና «ውሻ ገባብኝ» አልኩ። ውሻ የሚባል ነገር አልነበረም። መጀመሪያ ሳወራው ቡችላ ነበር፤ ማሠልጠኛው ግቢ ስደርስ ጥጃ አከለ፤ የኢንሹራንሱን ቅጽ ስሞላ ጊዜ ቀለም ሁሉ አወጣሁለት፣ ቡናማ፣ ደረቱ ላይ ነጭ ያለበት። አለቃዬ ይባስ ብሎ ለሰልጣኞቹ ማስተማሪያ አደረገው። «ለውሻ ነፍስ እንኳ የሚሳሳ ሹፌር!» ሲላቸው፣ እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ አጠገቡ ቆሜ ራሴን እነቀንቃለሁ።

መላውን ያመጣችልን ባለቤቴ ልብስ ትሰፋላት የነበረች አንዲት ጠበቃ ናት። ሚስት ባሏን መክሰስ መብቷ ነው አለችን፤ ጥፋቱ የእኔ መሆኑ ከተረጋገጠ ካሳውን የሚከፍለው የመኪናዬ ኢንሹራንስ ነው። «ጥፋቱ የእርስዎ ካልሆነ ግን፣ ለምሳሌ ድንገት ውሻ ገብቶ ከሆነ፣ ማንም አይከፍልም» ብላ አየችኝ።

ባለቤቴም አየችኝ። «እውነቱን ትናገራለህ አይደል?»

«ምን ጥያቄ አለው!» አልኩ።

ወሬው ታላቅ እህቴ ጋ ሲደርስ ስልክ ላይ ጮኸችብኝ። «ሚስትህ ከሰሰችህ? ታዲያ ከቤት ወጣችልህ?»

«ኧረ ምሳ እያቀረበችልኝ ነው።»

«በዚያ እጇ? አንተስ ቁጭ ብለህ ትበላለህ?»

«ምን ላድርግ፣ ርቦኛል» አልኳት። እህቴ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው፤ ልክ ናት።

በቀጠሮው ቀን ኢንሹራንሱ ለእኔ የሚከራከር ጠበቃ ይዞ መጣ። ሰውዬው ተነስቶ «ተከሳሽ ለሃያ ሁለት ዓመት እንከን ያልተገኘባቸው፣ የተመሰገኑ ባለሙያ ናቸው» ሲል ደረቴ ተነፋ። እንዲህ አድርጎ ያሞገሰኝ ሰው በሕይወቴ የለም። ከኋላዬ አለቃዬ ስድስት ሰልጣኞች አስከትሎ ሊያበረታታኝ መጥቷል። ባለቤቴ ማዶ እጇን በሻርፕ ሸፍና ተቀምጣለች፣ እኔ ግን፣ ለመናገር ያሳፍራል፣ ብረታት ብዬ ተመኘሁ።

መጀመሪያ እሷ ቃሏን እንድትሰጥ ተጠራች። ጠበቃዬ «በወቅቱ ውሻ ገብቶ ነበር ወይስ አልገባም?» ብሎ ጠየቃት።

እሷ አለቃዬን አየች፣ ሰልጣኞቹን አየች፣ ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ። ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር ባላውቅ ደስ ይለኛል።

«ገብቶ ነበር» አለች። «ቡናማ ነው።»

የገዛ ጠበቃዋ እስክሪብቶ ከእጇ ወደቀ። ይህቺ ሴት ለእኔ ጉራ ብላ ቀኝ እጇን ልትሰጥ ነው።

«ውሸት ነው!» ብዬ ተነሳሁ። ዳኛዋ ተራዬን እንድጠብቅ አዘዙኝ፣ ጠበቃዬ ኮቴን ጎተተኝ፣ ማን ሊሰማ። «ለእኔ ብላ ነው የዋሸችው፣ ክብርት ዳኛ። ውሻ አልነበረም። ድመትም አልነበረም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ታዲያ ምን አጋጥሞዎት ነው?» አሉ ዳኛዋ።

«መንዳት አስተምረኝ አለችኝ።» ወደ ባለቤቴ አመለከትኩ። «ለዓመታት ስትለምነኝ ነው የኖረችው። እኔም አንቺ ሐሳብሽ ይበተናል፣ ሹፌር ለአፍታ እንኳ ዓይኑን ከመንገድ አይነቅልም አልኳት። በደንብ እንዲገባት ብዬ… ፊቴን ወደ እሷ አዙሬ ነበር የማስረዳት።»

አንዱ ሰልጣኝ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ሮጦ ወጣ። ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ጀመር። አለቃዬ ጣሪያውን ያያል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ጠበቅኩ፤ አልተከፈተችም። «ፍርድ ቤቱን፣ ኢንሹራንሱን፣ ሰልጣኞቹንም፣ ሁላችሁንም ይቅርታ እጠይቃለሁ» ብዬ ተቀመጥኩ።

ዳኛዋ ባለቤቴን ምለው እንዴት ይዋሻሉ ብለው አጥብቀው ገሠጿት። ከሰዓት በኋላ ተፈረደብኝ፤ ካሳውን ኢንሹራንሱ ሊከፍል ነው። አለቃዬ ከእንግዲህ መኪና ውስጥ ሳይሆን ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንደሚያቆመኝ ነግሮኝ ሄደ። እኔ ግን ቀለል ብሎኝ፣ በምሥራቹ አብረን እንድንስቅ፣ ደረጃው ላይ ባለቤቴን ደረስኩባት።

እያለቀሰች ነበር።

«ሰባት ወር» አለችኝ። «ዛሬ ዳኛዋን ይቅርታ ጠየቅክ። ኢንሹራንሱን ጠየቅክ። እነዚያን ልጆች ሳይቀር።»

በሐሳቤ ሰባቱን ወር ወደ ኋላ ሄጄ ፈለግኩ። ሆስፒታል አጠገቧ አድሬያለሁ፣ ፀጉሯን አበጥሬያለሁ፣ ቁልፎቿን ቆልፌላታለሁ፤ ያቺ አንዲት ቃል ግን ከአፌ ወጥታ አታውቅም። ከወጣች ውሻው ይሞትብኝ ነበርና።

የተሰበረውን እጇን ያዝኩ። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት፣ ሰው እንዳይሰማኝ በሹክሹክታ።

«አልሰማሁም» አለች።

ጮክ ብዬ ደገምኩት። ደረጃው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።