ከድልድዩ ወዲህ ያለች ምራት

ሐይቁ ከተማዋን ለሁለት ከፍሏት በኖረበት ዘመን ሁሉ ፋርማሲስቷ አንድ ሰበብ ነበራት፤ ጀልባ ራሷን ያዞራታል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ማዶ ያሉትን አማቷን ያየቻቸው በጣት ለሚቆጠር ጊዜ ነው። በስልክ ግን አንደበቷ ማር ነበር። «እማማ፣ ይሄ ውሃ ባይኖር እኮ ከደጅዎ አልጠፋም» ትላቸዋለች።

ድልድዩ ቅዳሜ ተከፈተ። እሑድ ጠዋት አማቷ ደወሉ።

«ምራቴ፣ ውሃው ላይ አስፋልት ዘረጉልሽ አሉ። እንግዲህ ምን ይይዝሻል?»

«ዛሬ ተረኛ ነኝ፣ እማማ። ፋርማሲው እኔ ላይ ነው የወደቀው።»

«አይዞሽ፣ ሥራ ይቀድማል።»

ስልኩን ዘግታ ብርድ ልብሷ ውስጥ ተመልሳ ገባች። አማቷን ጠልታ አልነበረም። እሳቸው ሲስቁ ሟቹ የሳቀ ይመስላታል፤ የሸሸችው ያንን ሳቅ ነው። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ቀትር ላይ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤት መስሏት በፒጃማ፣ ጸጉሯን እንኳ ሳታበጥር ከፈተች። አማቷ አንኳኩተው ደረጃው ላይ ቁጭ ብለዋል። አንድ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ያሻሉ፤ ጉልበታቸው ላይ በጨርቅ የተቋጠረ ምሳ አለ።

«ቶሎ ለቀቁሽ እንዴ?» አሉ ቀና ብለው።

«አዎ፤ ዛሬ ብዙ ሰው አልነበረም።»

የለበሰችው ትዝ ያላት ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ነው።

አማቷ ጫማቸውን ቀስ ብለው አጠለቁ። «ምሳ ላቀብልሽ ብዬ መጀመሪያ ፋርማሲው ጋ ሄጄ ነበር። በሩ ላይ ይህን የሚያህል ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ጥበቃው ‹እሑድ መች ይከፈታል፣ እማማ› ቢለኝ፣ ‹ቀን ተምታቶብኝ ነው፣ እርጅና አይደል› አልኩት። ምን ልበለው? ምራቴ ዋሸችኝ ልበለው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ጠልቼዎት አይደለም» አለች።

«እሱን መች አጣሁት። እኔስ መች ጀልባ ተሳፍሬ መጣሁ? የልጄን ደጃፍ ሳይ ምን እሆናለሁ ብዬ ፈርቼ ነው የቀረሁት። ዛሬም ድልድዩ መሃል ስደርስ ልመለስ ብዬ ነበር። ኋላ ግን፣ ልጅት ሥራ ላይ ናት፣ ጦሟን ልትውል ነው አልኩና እግሬን ጎተትኩት።»

ምራትየዋ የበሩን እጀታ እንደያዘች ቀረች።

«እማማ፣ እርስዎ ሲስቁ እሱን ነው የምሰማው።»

አማቷ ከደረጃው ተነሡ። «ታዲያ እኔ የማልሰማው መስሎሽ ነው?»

ቋጠሮውን ዘረጉላት። «በይ አስገቢኝ፣ ምሳው ቀዘቀዘ።»

በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው። ቀና ብላ ልታያቸው ግን አልቻለችም።